ዳገት ላይ የሚሳለሙት ጎረቤቴ

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለንደን እንደገባሁ፣ ገጠሩን በሳይክል እንይ ያሉኝ ጡረታ የወጡት የኬኒንግተን ጎረቤቴ ናቸው። ግንዳቸው የቀላ ረጃጅም ዛፎች መሀል ዳገቱ ሲጀምር የመንደር ቤተክርስቲያን አገኘን። ወርደው በሩን ተሳለሙ፤ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ቀጣዩ ዳገት ላይም እንዲሁ። ከጫካው ወጥተን ሣር ሜዳውን ቁልቁል ስንወርድ ግን ሁለት ቤተክርስቲያን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ ከነፉ። ማማተብም የለም! ደሜ ፈላ።

የመጨረሻው ዳገት ላይ እንደገና ወርደው፣ እያለከለኩ አንድ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ መጠጥ ቤት ነው!»

«ዝም ብለህ ተሳለም» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ።

የእኔም ጉልበት ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳይክሌን ጥዬ ግንባሬን ከጎናቸው ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። እንደዚያ ቀን ከልቤ ተሳልሜ አላውቅም።