ማኮብኮቢያው ዳር የተከልኳቸው ዛፎች

ገደብ ከተማ የምሠራበት ቢሮ ግድግዳ ላይ የአንድ አውሮፕላን ማረፊያ ንድፍ ለጥፌያለሁ። የሚገባ ባለጉዳይ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። "ለገደብ ኤርፖርት ሊሠራላት ነው እንዴ?" ይለኛል። አይደለም። "ለዲላ ነው?" ለዲላም አይደለም። ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች፣ ከእኛ ከጌዴኦ ዞን የምታንስ፣ የሌላ ትልቅ አገር ግዛት የሆነች ደሴት ማረፊያ ነው ስለው ሰውየው ይስቃል። እኔ አልስቅም። የደሴቲቱንም ስም አልነግረውም፤ ዲላ ሳለሁ የተሳቀባት ይበቃታል።

ነገሩ የተጀመረው ዲላ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቴ ላይ ነው። ሲቪል ምህንድስና ነበር የምማረው። የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ምረጡ ስንባል የክፍሌ ልጆች የገጠር መንገድ፣ የውሃ ቦይ፣ ትንሽ ድልድይ ያዙ። አንድ ቅዳሜ አዲስ አበባ ያደገችው የዶርም ጓደኛዬ ስልኳ ላይ ቪዲዮ አሳየችኝ። አውሮፕላን በተራራና በባሕር መካከል በተጣበበች ቁራጭ ሜዳ ላይ ሲያርፍ ነው። አብራሪው ተራራውን ታክኮ ይወርዳል፤ ትንሽ ከዘገየ የሚቀበለው ባሕር ነው። "በናትሽ እዪው፣ አያስፈራም?" ብላ ወደ ሌላ ቪዲዮ አለፈች።

እኔ ማለፍ አቃተኝ። የተወለድኩት ከጨለለቅቱ ወዲያ፣ ሜዳ እንደ ብርቅ በሚታይበት ቁልቁለት ላይ ነው። እነዚያ የደሴት ሰዎች ከእኛ የባሰ ጥበት ይዘው ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሠርተዋል። የእኛ ቡና ስሙ ዓለምን ሲዞር፣ እኛ አውሮፕላን በቅርብ ለማየት እንኳ ሐዋሳ መሄድ አለብን። ቆጨኝ። ሰኞ ጠዋት ርዕሴን አስመዘገብኩ፤ የደሴቲቱ ማኮብኮቢያ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ከጎርፍ እንዴት እንደሚጠበቅ።

አማካሪ መምህሬ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ክፉ አልነበሩም፤ ግን ተማሪ ከተሰመረለት መስመር ሲወጣ ያማቸዋል። ወረቀቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

"አውሮፕላን ተሳፍረሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም መምህር።"

"ላም አለኝ በሰማይ ነው የአንቺ ነገር" አሉኝ። ቢሆንም ፈረሙልኝ። መጀመሪያ ንድፍሽን አሳዪኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን ብለው ነው።

ንድፉን ሦስት ሳምንት ሠራሁ። ከዚያ ሁሉም ተማሪ የደረሰበትን በሚያቀርብበት ቀን ክፍሉ ፊት አሳየሁ። ግድግዳው ላይ ሲበራ መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። ዞር ብዬ ንድፉን ሳየው ነው የገባኝ። በማኮብኮቢያው ግራና ቀኝ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ዛፍ ተክያለሁ። ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው ደግሞ እንሰት።

እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ትሠሪያለሽ የሚለኝ ሰው ጌዴኦ ሄዶ ይይ። እኛ ዘንድ መሬት ባዶውን አይተውም። ቡናው በእንሰቱ ጥላ፣ እንሰቱ በዛፉ ጥላ ያድጋል፤ ቤት የተሠራ እንደሆነ በዙሪያው ይተከላል፣ መንገድ የወጣ እንደሆነ በዳሩ ይተከላል። የማረፊያው ፎቶ ላይ በማኮብኮቢያው ዳርና ዳር ያለውን ገላጣ ሣር ሳይ፣ ገና ያልጨረሱት ቦታ መስሎኝ ነበር። አውሮፕላን በሚያርፍበት ዙሪያ ዛፍ እንደማይቆም፣ ወፍ የሚስብ ነገርም እንደማይተከል ተምሬያለሁ። ፈተናም ተፈትኜበታለሁ። ጭንቅላቴ ተምሮ ነበር፤ እጄ ግን የአባቴ እጅ ሆኖ ቀረ።

መምህሬ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። "አብራሪው ሲወርድ እንሰት ሊፍቅ ነው?" አሉ። ሳቁ እንደገና ተነሳ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ርዕስ ቀይሪ አሉኝ። "የጨለለቅቱን መንገድ ቦይ ሥሪ። የምታውቂው ነው። በዚህኛው ከቀጠልሽ ዲፌንስ ላይ ፈታኞቹ ይጥሉሻል፤ ዓመቱን ትደግሚያለሽ።"

ዓመት መድገም ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም። ታናሽ እህቴ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ነበር። ቤታችን ግን ሁለት ልጅ በአንዴ ከቤት አርቆ ማስተማር የሚችል ቤት አይደለም። እኔ ስወጣ እሷ ትገባለች ተብሎ፣ እሷም እሺ ብላ፣ ቡና እየለቀመች አንድ ዓመት ቁጭ ብላለች። እኔ ብወድቅ የምትወድቀው እሷ ነበረች።

ይህን እያወቅሁ ለምን አልቀየርኩም? ሰው ሲጠይቀኝ የሚያምር መልስ እፈልጋለሁ፤ እውነቱ ግን አንጀቴ አርሮ ነበር። ጓደኛዬ "ሙድ እየያዙብሽ ነው እኮ፣ ተይው በቃ" አለችኝ። ስለያዙብኝ ነው የማልተወው አልኳት። የጨለለቅቱ ቦይ ውርደት ሆኖብኝ አይደለም። ያናደደኝ "የምታውቂው ነው" መባሌ ነው። የማውቀው ከደጃፌ አያልፍም ያለው ማን ነው?

ቅዳሜ ንድፉን ጠቅልዬ አገር ቤት ሄድኩ። እስከ ጨለለቅቱ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር፣ የቀረውን በእግሬ። ወረቀቱን ደጅ ላይ ዘርግቼ ለአባቴ በቋንቋችን በጌዴኡፋ አስረዳሁት። ርዕስ ቀይሪ መባሌንም ነገርኩት። አባቴ ቡና በሚደርስበት ወራት ማጠቢያ ጣቢያ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሠራል፤ በቀረው ጊዜ ቁልቁለቱን ይንከባከባል። ስለ ዛፎቹ ስነግረው አልሳቀም።

"እውነታቸውን ነው" አለኝ። "ቡና ሲያድግ ጥላ ይፈልጋል። ሲደርቅ ግን አልጋው ላይ ጥላ የሚጥል ዛፍ አናስጠጋም። ያ መንገድ አልጋ ነው። ዛፉን አንሺ።"

በጣም አዘንኩ። እሱ እንኳ ከእኔ ጋር አይቆምም ብዬ ወረቀቱን ልጠቀልል ስል ጣቱን ተራራው ላይ አሳረፈ።

"ይኼስ? ባዶ ነው?"

ባዶ ነው አልኩት። ሣርና ድንጋይ ብቻ ነው።

"ዝናብ ሲመጣ አፈሩ የት ይሄዳል?"

ወደ ማኮብኮቢያው። ለዚያ ከተራራው ሥር ቦይ ቆፍሬያለሁ አልኩት፤ ውሃውን ቀልብሶ ወደ ባሕር የሚወስድ።

"ቦዩ በአንድ ክረምት በደለል ይሞላል። ዛፍሽን የተከልሽው ያለቦታው ነው እንጂ በከንቱ አይደለም። መሬት ራቁቱን አያድርም።"

ዲላ ተመልሼ ንድፉን እንደገና ሠራሁት። ከማኮብኮቢያው ዳር ዛፎቹን አንድ በአንድ አነሳሁ። ከዚያ ተራራው ላይ ወጣሁ። የሸለቆዎቹን ቁልቁለት እንደ እኛ እርከን ከፋፍዬ፣ ከታች ወደ ላይ ተከልኩባቸው። ርዕሱን አልቀየርኩም። መምህሬ ገጹን አንድ በአንድ አገላብጠው አዩትና መለሱልኝ።

የዲፌንሱ ቀን ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው መምህሬ፣ አንደኛው የክፍላችን ሌላ አስተማሪ፣ ሦስተኛው ከአዲስ አበባ የተጋበዙ ሽበታም የመንገድ መሐንዲስ። ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ቆምኩ። አቅርቤ ስጨርስ መምህሬ ጀመሩ።

"እዚህ አገር ስንት ችግር እያለ፣ ዲላ ራሷ ኤርፖርት ሳይኖራት፣ ካሪቢያን ምን አስኬደሽ?"

ከተናገሩ አይፍሩ፣ ከፈሩ አይናገሩ ይባላል። እኔ እየፈራሁም ተናገርኩ።

"መምህር፣ እኛ ዘንድ ዱመርሶ መንደር በየዓመቱ የውጭ ሰዎች ቡናችንን ሊያጠኑ ይመጣሉ። አገራችሁ ቡና ይበቅላል ወይ ብሎ የጠየቃቸው ሰው የለም። ማንበብ ከቻሉ፣ መለካት ከቻሉ ይበቃቸዋል። እኔስ ለምን አይበቃኝም? ይሄንን ንድፍ ስህተት አለው ብለው ይጣሉት። ከጨለለቅቱ መጣች ብለው ግን አይጣሉት።"

በዚያች ሰዓት እህቴ ትዝ አለችኝና ምን አፌን አስከፈተኝ ብዬ ነበር። ግን አልተጸጸትኩም፤ ዛሬም አልተጸጸትኩም።

ሽበታሙ መሐንዲስ ወረቀቱ ላይ አጎንብሰው "እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ" አሉ። "አውሮፕላኑ የሚወርደው በዚህ ተራራ ላይ አልፎ ነው። እዚያ ዛፍ ሲያድግ አያደናቅፈውም?"

ሌሊትና ቀን የጠበቅሁት ጥያቄ ነበር። "ጫፉ ላይ ሣርና ዝቅ ያለ ቁጥቋጦ ብቻ ነው፣ ከቡና ዛፍ ያነሰ" አልኩ። "ትልልቆቹ ዛፎች ሸለቆው ውስጥ ናቸው። አርጅተው እንኳ አናታቸው ከተራራው ጫፍ አይበልጥም። እኛ ቤት ከላይ ሆኖ ቁልቁል የሚያይ ሰው ዛፍ ሥር ያለውን ጎጆ አያየውም፤ ዛፉ ግን ከእሱ እግር በታች ነው።"

መምህሬ አንገታቸውን ነቀነቁ። "በአንድ ነገር እንስማማ። የተራራውን ተክል ከንድፉ ላይ አውጪው፣ ቦዩ ብቻ ይቅር። ያኔ እኔም ሳልጨነቅ እፈርማለሁ።"

አንድ እሺ ብቻ ነበር የቀረኝ። እሺ ብል እህቴ በሚቀጥለው መስከረም ትገባለች።

"ያለቦታው የነበረውን አንስቻለሁ" አልኩ። "በቦታው ያለውን አላነሳም። ቦዩ ብቻውን ከቀረ በአንድ ክረምት ይሞላል፤ እንደሚሞላ እያወቅሁ ስሜን አልጽፍበትም።"

ውጪ ጠብቂ አሉኝ። ኮሪደሩ ላይ ወንበር አልነበረም፤ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ከውስጥ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። አንዴ የሽበታሙ ሰው ሳቅ የሰማሁ መሰለኝ፤ በእኔ ይሁን ለእኔ አላወቅሁም። በመጨረሻ በሩን የከፈቱት መምህሬ ናቸው። አልፈሻል አሉኝ። ውጤቱ የሚያኮራ አልነበረም። አስተያየታቸው ላይ "ርዕሱ ከአካባቢው ጋር አይገናኝም" ብለው ጽፈዋል። ከሥሩ ግን ሦስት ፊርማ ነበር፣ የእሳቸውም ጭምር።

ግቢው ውስጥ ቆሜ ለአባቴ ደወልኩ። አለፍኩ አልኩት። ውጤቴን አልጠየቀኝም።

"ዛፎቹስ?" አለኝ።

"እዚያው ናቸው። አንሺ ብለውኝ ነበር፣ እንቢ አልኩ።"

ከዚያ ስልኩን ሳይዘጋው፣ ቡናው ውስጥ ወደምትሠራው እህቴ ሲጣራ ሰማሁት፤ ነይ ውጪ፣ ልብስሽን እጠቢ፣ ተራሽ ደርሷል ሲላት።