ሳልይዘው የመረጥኳቸው

ባሮ ዳር ዓሣ ሲጠበስ በሸተተኝ ቁጥር የአባቴና የአጎቴ ክርክር ጆሮዬ ላይ ይመጣል።

ጋምቤላ ክልል በተባለች ሰሞን ነው። አባቴ ፕሮቴስታንት፣ የእናቴ ወንድም ደግሞ ካቶሊክ ነበሩ። አባቴ፣ «እግዚአብሔር የሚድኑትን ዓለም ሳይፈጠር መርጧል፤ የሰው ሥራ ምንም አይጨምርም» ይላል። አጎቴ፣ «የጠራውማ ሁሉንም ነው፤ እሺ ብሎ መምጣት የሰው ፈንታ ነው» ይመልሳል። እኔ ደግሞ «እኔስ ተመርጬ ይሆን?» እያልኩ እንቅልፍ አጣለሁ። ጠይቄ «አልተመረጥሽም» ቢሉኝስ?

አንድ ቀን ወንዙ ዳር ሲከራከሩ መንጠቆዬ ተጎተተ። እግሬን አሸዋው ውስጥ ቀብሬ ሳብኩ። ክንዴን የሚያክል ዓሣ! የመጀመሪያዬ ነበር። በቤታችን ደግሞ ልጅ የመጀመሪያ ዓሣውን የሚሰጠው ራሱ ለመረጠው ትልቅ ሰው ነው። ሁለቱም ክርክራቸውን ትተው ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ጀመር።

«አጁሉ ልጄ፣ ለፍቼ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ» አለ አባቴ።

«አሃ! ዛሬ ሥራ ይቆጠራል ማለት ነው?» አለ አጎቴ። «እንግዲያው መንጠቆውን ያሰርኩልሽ እኔ ነኝ።»

ዓሣውን አቅፌ ቀና አልኩ።

«ሁለታችሁንም ሳልይዘው በፊት መርጫችኋለሁ። መብላት የሚፈልግ ግን መጥቶ እጁን ይታጠብ!»

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። አባቴ ከነዓሣዬ ትከሻው ላይ አወጣኝ።

«ይቺ ልጅ የተመረጠች ናት!»

«ገና ዛሬ ገባህ?» አለ አጎቴ።

በምርጫ ጉዳይ ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የተስማሙትም በእኔ ነው! ያን ሌሊት ጥግብ ብዬ ተኛሁ።

ዛሬም ጥብሱ ሲደርስ ልጆቼን «እጃችሁን ታጠቡ» እላቸዋለሁ። መመረጣቸውንማ ያውቁታል።