አማቷን ያዘዘች ምራት

ስሜ ባቴሪ ነው። በእኛ በሰሜን ህንዷ ሃርያና «ይበቃል» ማለት ነው፤ አባቴ አራተኛ ሴት ልጅ ስትወለድበት ለፈጣሪ ያቀረበው አቤቱታ ነኝ። እኔን ግን አልበቃኝም። ትከሻዬ እስኪወልቅ በትግል ስፖርት ተወዳደርኩ፣ ሲወልቅ ደግሞ ቢዋኒ ከተማ ውስጥ ጂም ከፈትኩ። አሁን የግል አሰልጣኝነት ምስክር ወረቀት ለሚፈልጉ ሴቶች ፈተናውን አስጠናለሁ።

ጡንቻና አጥንት ማስጠናት ቀላል ነው፤ አበሳው አፍ ማስከፈት ነው። ሱመን የጡንቻዎቹን ስም አንድ ሳይቀራት ሸምድዳ ጨረሰች። «በይ ደንበኛሽን እዘዢው» ስላት ግን ጭጭ። ምን ታድርግ፣ ከተዳረች ጀምሮ አማቷ ባለበት ፊቷን ተከናንባ፣ ድምጿን ውጣ ነው የኖረችው።

«ለቅሶ ቤት መሰለሽ እንዴ?» እላታለሁ።

«እትዬ፣ ትልቅ ሰው ይታዘዛል?»

«ወገቡ ከሚሰበር ይታዘዝ።»

የሴቶች ኮሌጁ ጂም ፈተናውን ካለፈች ሊቀጥራት ቃል ገብቷል። አማቷ ደግሞ «አንዴ ፈቀድኩ፤ ከወደቀች ጎሾቿን ትለብ» ብሏል።

የፈተናው ቀን ፈታኙ ከዴልሂ መጣ። ለተግባር ፈተናው ዕድሜያቸው የገፋ ፈቃደኞች ያስፈልጉ ነበር። ከሁሉ ቀድሞ፣ ጥምጥሙን አሳምሮ፣ ጢሙን ጠቅልሎ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ዳርያቭ ሲንግ፣ የሱመን አማት። «እኔን ለሱመን ስጡኝ» አለው ፈታኙን። ሰውዬው ዝምድናቸውን በየት አውቆ፣ እሺ አለ። ደሜ ፈላ። እሱ ፊት አፏ እንደማይከፈት ያውቃል እኮ፤ ሊጥላት ነው የመጣው። ላስቆም ስነሳ ሱመን በዓይኗ ከለከለችኝ።

ከዚያ ሻርፗን ከፊቷ ገፍፋ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። ሊያዩ የመጡት የሰፈር ሴቶች «ኧረ ጉድ» ተባባሉ።

«አባባ፣ የሚያምዎት ቦታ አለ?» ድምጿ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ተሰማ።

«ምንም።»

«ጉልበትዎስ?»

«የትግል ስፖርተኛ ጉልበት ነው። ወሬውን ትተሽ ብረቱን ጫኚልኝ።»

«ቀኝ ጉልበትዎ ያምዎታል። ማታ ማታ የሰናፍጭ ዘይት የማሞቅልዎ እኔ ነኝ። ሲያቃስቱም ይሰማኛል።»

ሽማግሌው ፊቱ በርበሬ መሰለ። በሰው ፊት እንዲህ የደፈረው አልነበረም። በቀጥታ ወደ ብረቱ ሄደ። ሱመን ቀድማው ሁለት እጇን ብረቱ ላይ ጫነች።

«አያነሱም።»

«ማን ሊከለክለኝ?»

«እኔ። ቤት ምራትዎ ነኝ፣ እዚህ አሰልጣኝዎ ነኝ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው በቀስታ ይነሳሉ። እምቢ ካሉ በሩ ያውና፤ እኔም ልውደቅ።»

ጥሎ ከወጣ አለቀላት፤ ያለ ደንበኛ ፈተና የለም። በሩን አየ። እሷን አየ። እሷ ዓይኗን አልሰበረችም። እየተነጫነጨ ሄዶ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ጀርባ ቀና። ትንፋሽዎን አይያዙ። በእጅ መደገፍ የለም። እንደገና።»

የኔን ቁጣ ከሷ አፍ ስሰማ ኮራሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ሰውዬው ላቡ ጢሙ ላይ ተንጠባጠበ።

ፈታኙ ብዕሩን አስቀመጠና «አልፈሻል» አላት። እንደ ወጉም ወደ ደንበኛው ዞሮ «አሰልጣኝዎ እንዴት ነበረች?» ሲል ጠየቀው። ይሄ ሰውዬ አሁን ያበላሽባታል ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

ዳርያቭ ሲንግ ላቡን በጥምጥሙ ጫፍ ጠረገ። «ጉልበቴን አላመመኝም» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ግን ይቺ ልጅ ስንት ዓመት ቤቴ ስትኖር ድምጿን ሰምቼ አላውቅም ነበር።»

«ከዛሬ ጀምሮ ይሰሙታል፣ አባባ» አለች ሱመን። «አሁን ይነሱ፤ አንድ ዙር ይቀርዎታል።»