የእትዬ ወርቄ ሁለት ማንኪያ

ትናንት ለልጄ የምርቃት ድግስ ሰናፍጭ ስወቅጥ ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ልጄ «ሽንኩርት ነው?» አለችኝ። አይ፣ እትዬ ወርቄ ናት አልኳት።

እትዬ ወርቄ ቆቦ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት የነበራት ጎረቤታችን ናት። ዳቦ ላይ የምትቀባው ሥጋ ነበራት፤ ኧረ ምን ሥጋ ብቻ! ቀይ ሥጋ ቀቅላ፣ አጥልላ፣ ሙቀጫ ውስጥ ከቅቤ፣ ከቃሪያና ከሰናፍጭ ጋር እስኪልም ትወቅጠዋለች። ከጎብዬ እስከ ዋጃ ያለ ሾፌር ሁሉ በሷ ዳቦ ይምል ነበር። ሰርግም ክርስትናም ያለ እሷ አይደገስም። መቼም በኛ አገር ድግስ ሁለት ነው፤ የክርስቲያን ሥጋ ለብቻ፣ የእስላም ሥጋ ለብቻ። እሷም ሁለት ሙቀጫ፣ ሁለት ሳህን፣ ሁለት የእንጨት ማንኪያ ነበራት። የእስላሙ ማንኪያ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል።

አንድ ክረምት አባቴና የማሳ ጎረቤቱ አያ ሁሴን ማሳቸውን በሚያጠጡበት፣ ከደጋ በሚወርደው ጎርፍ ተጣሉ። «ቦዩን ወደ ራስህ ጠልፈሃል»፣ «አንተ ነህ የጠለፍከው» ተባብለው ዱላ ተማዘዙ። ከዚያ ወዲያ አባቴ ካመሸ እናቴ እንቅልፍ አልነበራትም። በስንት መከራ ሽማግሌዎች አያ ሁሴንን ከነወንድሙ እቤታችን አመጧቸው። አብረው እህል ከቀመሱ እርቁ ጸና፤ ካልቀመሱ ግን ደም ሊፈስ ነው። ልጅም ብሆን ይሄ አልጠፋኝም፤ ዱላቸው በር ላይ ተደግፎ ነበር።

ለእርቁ የተጠራችው እትዬ ወርቄ ሁለቱን ሳህን ለየብቻ አቀረበች። አያ ሁሴን ዳቦውን ቀብቶ «ቢስሚላህ» አለ። ይሄኔ እትዬ ወርቄ ሁለቱን ማንኪያ እንደያዘች ከጓዳ እየሮጠች ወጣች።

«አያ ሁሴን፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ እንዳትጎርስ!»

ቀይ ክር ያለው ማንኪያ ደረቅ ነበር፤ የቅቤ ወዝ እንኳ የለበትም። ለካ ሁለቱንም ሳህን ያማሰለችው በአንዱ ማንኪያ ነው። «ተሳስቼ ነው፤ ተነካክቷል» አለች።

አባቴ ፊቱ ጠቆረ። «ምነው አንቺ ሴትዮ፣ በዛሬ ቀን! ዝም ብትይ ማን ያይሽ ነበር?» ብሎ ጮኸ። የአያ ሁሴን ወንድም ብድግ ብሎ ዱላው ወዳለበት ሄደ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

አያ ሁሴን ዳቦውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ወንድሙን «ቁጭ በል» አለው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «እታለም፣ ደረቅ ዳቦ አለሽ?» አላት።

አመጣችለት። ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ለአባቴ ዘረጋለት።

«በል እንግዲህ» አለው፣ «የጎርፉን ነገር ልክ እንደሷ አድርገህ ንገረኝ። እኔም እነግርሃለሁ።»

አባቴ ዳቦውን ተቀብሎ ጎረሰ፤ አያ ሁሴንም ጎረሰ። ብዙ አወሩ፤ አንዳንዱን ሁለቱም አጎንብሰው ነው ያወሩት። ያን ቀን ሥጋ የጠገበችው ድመታችን ብቻ ነበረች።

እትዬ ወርቄ ካረፈች ቆየች፤ ነፍሷን ይማርና። ማንኪያዎቿ ግን እኔ ጋ ናቸው። ክሩ ነትቦ በሌላ ቀይ ክር ለውጬዋለሁ። ነገ ምርቃቱ ላይ የአያ ሁሴን የልጅ ልጆች ይመጣሉ። ሁለቱንም ማንኪያ በጣቴ ዳብሼ፣ ሁለቱም ላይ የቅቤ ወዝ ሳላገኝ «ብሉ» አልልም።