ያሬድ ሲመጣ የሚነጠፈው

ባለፈው እሑድ ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ዲዛይን ነው የምትማረው፤ የማታሳየኝ ነገር የለም። "ማሚ፣ ይሄ የእማማ ጨርቅ አይደል? ሴም ፓተርን ነው" አለችኝ፤ እናቴን ማለቷ ነው። እውነትም ያው ሥዕል፤ ብርቱካናማ ቅጠል፣ ጥቁር ሐረግ። ከመቶ ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ ሠዓሊዎች ተሰባስበው መጋረጃና የጠረጴዛ ልብስ በእጃቸው የሚያትሙበት ወርክሾፕ ነበር አሉ፤ ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሚቀር ሰው ይብላበት፣ ይቀመጥበት ብለው። እኛ ቤት ግን ማንም አልበላበትም።

ላስ ቬጋስ በገባን ሰሞን እናቴ ካዚኖ ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ በዕረፍት ቀኗ ደግሞ ሎን ማውንቴን የሚባል ሰፈር የአንዲት አሮጊት ፈረንጅ ቤት። እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ በእንግሊዝኛዬ እየተመካሁ አብሬያት እሄዳለሁ። አውቶቡሱ ከሩቅ ያወርደንና በሰኔ ፀሐይ፣ ጥላ በሌለው መንገድ እንጓዛለን። ነፋሱ ራሱ ፊት ይለበልባል።

ሴትዮዋ ቤቷን ሸጣ ልጇ ዘንድ ልትሄድ ስትል ያን የጠረጴዛ ልብስ ለእናቴ ሰጠቻት። የገዛ እናቷ በወጣትነቷ፣ አውሮፓ ሳለች፣ የተቀረጸ እንጨት ቀለም እያስነካች ያተመችው ነው። አንዱ ጥግ ላይ ቅጠሉ ተንጋዷል፤ እጇ ስቶ ይሆናል። እኔ ከሁሉ የወደድኩት እሱን ነበር። ብሉበት፣ ወጥ ቢፈስበትም አትዘኑ አለችን። እናቴ ግን ጨርቁን ሳመችና "ያሬድ ሲመጣ ይነጠፋል" አለች።

ያሬድ ታላቅ ወንድሜ ነው። ዲቪ ሲደርሰን ዕድሜው አልፎ ብቻውን አዲስ አበባ ቀርቷል። እናቴ ልታስመጣው አመልክታ ትጠብቅ ነበር። ጉዳዩ ተንቀሳቀሰ በተባለ ቁጥር ጨርቁን አውጥታ ትተኩሰውና በዚያው እጥፋቱ መልሳ ታስቀምጠዋለች። እኛ ሽሯችንን ላስቲክ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ እንበላለን። የሐበሻ ነገር፣ ደህና ደህናው ሁሉ ለእንግዳ ነው እያልኩ አሾፍባታለሁ። አትስቅም።

ያሬድ መጠበቅ ሰለቸው። ከሱዳን አንድ ጊዜ ደውሎ "እማዬ፣ አታስቢ፣ በባሕሩ በኩል እገባለሁ" አላት። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ሞተ የሚለን ስላጣን ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ አለ የሚለንም አልተገኘም። ተስፋ ሰውን ያኖራል ይባላል። እናቴን እስከ ዛሬ ያኖራት ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ተስፋ ግን አይመስለኝም።

ልጄ ሥዕሉን ካየች በኋላ አላስቻላትም። ያንኑ ቀን አሊያንቴ ሰፈር፣ እናቴ ቤት ሄደን ልጄ ጨርቁን ከቁም ሳጥን አውጥታ ዘረጋችው። ምንም ሳይፈስበት፣ ፀሐይ ሳያየው፣ በእጥፋቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተበልቶ ተቀዷል። "እማማ፣ ከማለቁ በፊት እንብላበት፣ ፕሊስ" አለቻት።

እናቴ ቀዳዳውን እንኳ ልብ አላለችም። ቀስ ብላ ማጠፍ ጀመረች።

"ማን መጣና?" አለች።

ምሳችንን ላስቲኩ ላይ በላን። እሷ ስታልፍ ጨርቁ ለእኔ ነው የሚደርሰው። እኔም የማነጥፈው አይመስለኝም።