ከበሮውን የተከተለ ላፕቶፕ

የእኛ ባንድ ሳክስፎኑም ተቀባዮቹም የሚኖሩት ላፕቶፕ ውስጥ ነው። አራት ሰው ሆነን የአንድ ትልቅ ባንድ ሙዚቃ የምናሰማው በዚያ ምክንያት ነው። እኔ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ላፕቶፑ ላይ የምትቀመጠው ልጅ የተቀዱትን ድምፆች በሶፍትዌር ደርድራ፣ ዘፋኙ ሲጀምር ትለቃቸዋለች። በየጆሯችን ኢርፎን ውስጥ ምት የሚቆጥር ድምፅ አለ፤ ከሱ ዝንፍ ማለት የለም።

ከበሮ መቺያችን ጋሼ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚመቱት የጨፋሪውን እግር እያዩ ነው። ኮዬ ፈጬ አንድ ሠርግ ላይ ጉራጌኛው ሲግል እንደ ወጉ አፈጠኑት። ላፕቶፑ ወይ ፍንክች! ከበሮው ሄደ፣ ተቀባዮቹ ኋላ ቀሩ፣ ጨፋሪው ቆሞ ያየን ጀመር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሼ ኢርፎኑን ነቅለው፣ "እኔን ሰው እንጂ ዕቃ አያዘኝም። ቃል ከገባንበት ከገላኑ ሠርግ በኋላ ሌላ ፈልጉ" አሉን።

ጭንቅ ያዘኝ። አቃቂ በምንለማመድባት ጋራዥ ውስጥ ከበሮውን አንግቼ ራሴ ሞከርኩት። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር! ዘፋኙ ለይሉኝታ እንኳ አላመሰገነኝም። ያለ ጋሼ ባንድ እንደሌለን ያን ቀን ገባኝ።

የላፕቶፑ ልጅ ከጋሼ ጋር አልተከራከረችም። "ጋሼ፣ እስቲ እኛን ይርሱንና ብቻዎን ይምቱልኝ" አለቻቸው። ስታይ የነበረው ግን እግራቸውን ነው። ሲመቱ ቀኝ እግራቸው መሬቱን ይረግጣል፤ ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያቸው ስሠራ ልብ ብዬ አላውቅም። በሚቀጥለው ልምምድ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኘቻትን ፔዳል ከእግራቸው ሥር አኖረች።

"እንደ ልማድዎ ይርገጡ። ከእንግዲህ እርስዎን የሚጠብቀው ላፕቶፑ ነው።"

"እናያለና" አሉ ጋሼ።

ገላን ኮንዶሚኒየም ግቢ በተተከለው ድንኳን ጉራጌኛው ተጀመረ። ጋሼ አፈጠኑ፤ ተቀባዮቹ ተከተሏቸው። ደግመው አፈጠኑ፤ ሳክስፎኑም አልቀረም። ድንኳኑ ሊነቀል ደረሰ። በዚህ መሃል የሙሽራው እናት፣ ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ከአረማመዳቸው እየታየ፣ በሁለት ሰው ተደግፈው መሃል ገቡ። ጋሼ አይተው ምቱን አበረዱላቸው። ይሄን ማናችንም አልተለማመድነውም። ሙዚቃው ሁሉ ግን ከከበሮው ጋር ቀስ እያለ ወረደ፤ እናትየውም ደጋፊዎቻቸውን ለቀው በገዛ እግራቸው ጨፈሩ። ወደ ልጅቷ ብዞር እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ አንድም ነገር አልነካችም። በሰው ሥራ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ዕቃ ስንጭን ጋሼ ከበሯቸውን እንዳቀፉ ወደ ልጅቷ ተጠጉ። ምን ሊሏት ነው ብዬ ሽቦ መጠቅለሌን አቆምኩ።

"ልጄ" አሏት፣ "ልምምዱ ቅዳሜ ነው እሁድ?"