እህቴን ያስተፋት የበግ ላት

የበግ ላት ሲቀልጥ ምን እንደሚሸት የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው። እርጥብ ቆዳ፣ የጠዋት አፍ፣ ያልታጠበ ካልሲ፣ ሁሉም በአንድ ብርጭቆ! ስጽፈው ራሱ ያቅለሸልሸኛል። ግን ደስ እያለኝ ነው የምጽፈው፤ ያኔ አፍንጫዬን እንኳ እንድይዝ አልተፈቀደልኝም ነበር።

እህቴ እዚሁ ነገሌ ነው ያገባችው፣ ከሱቃችን ጀርባ። እርግዝናዋ ሲገፋ አማቷ ከፊልቱ መጡ። ሁላችንም «አኮ» እንላቸዋለን፣ ሴት አያት ማለት ነው። አኮ ከመኪና ሲወርዱ «ናጋ?» ብለው ሰላምታ እንኳን ሳይሰጡ ሆዷን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ይሄ ልጅ ወፍሯል። ወፍራም ልጅ አይወጣም። ሆድሽን ቀደው ነው የሚያወጡት!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተት ተከለከለች፣ ሥጋም ተከለከለች። የተረፈላት ቀጭን ገንፎ ነው። እሱም ቢሆን ሆዷ ውስጥ እንዳይቆይ አኮ ጠዋት ጠዋት ላት አቅልጠው ያጠጧታል። «ያጥባል» ይላሉ። ታጥባ ወደ ሳፋው ትመልሰዋለች። ሳፋውን የምይዘው እኔ!

ስቡ ላዩ ላይ ነጭ ሆኖ ይረጋል፣ ገንፎው ከሥሩ ይዘቅጣል። እህቴ ዓይኗ እንባ ሞልቶ «በቃኝ» ስትል አኮ ጀርባዋን እያሹ «ጎበዝ፣ ጎበዝ የኔ ልጅ» ይሏታል። ከሁሉም ያስጠላኝ ይሄ ነው። ከልባቸው ነበራ!

«እንዴት ትጠጪዋለሽ?» አልኳት አንድ ቀን፣ ሳፋውን ደፍቼ ስመለስ።

«ዝም በይ። ልጃቸው የሞተችው በምጥ ነው፣ ልጁ ትልቅ ሆኖባት፣ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ መንገድ ላይ። እኔም እንደሷ ብሆንስ?»

ግን ፀጉሯን ስሠራት የአንገቷ አጥንት እጄን ይወጋኝ ነበር። ሆዷ ብቻ ቀርቶ ሌላው አካሏ ሁሉ አለቀ። ፈራሁ።

ጤና ጣቢያ ለክትትል ስንሄድ አኮም አብረውን መጡ። ሲስተሯ እህቴን ሚዛን ላይ አወጣቻትና ፊቷ ተኮሳተረ።

«ካለፈው ወር ቀንሰሻል። እርጉዝ ሆኖ መቀነስ አለ እንዴ? ምን ትበያለሽ?»

«ሁሉንም» አለች እህቴ፣ መሬት መሬት እያየች።

«ትበላለች፣ አኮ ግን ያስተፏታል!» አልኩ።

«ምላስሽ ይቆረጥ!» አሉ አኮ።

ሲስተሯ ወደ እሳቸው ዞረች። «እናቴ፣ እሷ ካልጨመረች ልጁ ከስቶ ነው የሚወለደው። የከሳ ልጅ ይበርደዋል፣ ለመጥባት አቅም ያንሰዋል። እሷስ በምን ጉልበቷ ታምጣለች?»

«ትንሽም ይሁን፣ ይውጣ ብቻ። ትልቁን እኔ አይቼዋለሁ።»

ሲስተሯ የአኮን እጅ ያዘች። «እንግዲያው ምጡ ሲጀምር ቶሎ ይዘዋት ይምጡ፣ እኔ አለሁ። እስከዚያ ግን ትብላ።»

በባጃጅ ተመለስን። በማግስቱ ላት አልቀለጠም። እህቴ ወተቷን ስትጠጣ፣ መርዝ የምትጠጣ ይመስል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጥቂት ቀን ጠግባ እንደበላች ምጡ ያለ ቀኑ መጣ፣ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። እህቴ እስክትወልድ ሁለት ጊዜ ራሷን ሳተች። ልጅቷስ? እውነቱን ልናገር፣ አስጠላችኝ። የተላጠች አይጥ! ጀርባዋ ፀጉራም፣ እግሯ የኔን ጣት የሚያህል። ጡት አፏ ውስጥ ሲገባ ትተኛለች። የታለበ ወተት በጠብታ በጠብታ ያጎርሷታል።

እንዳይበርዳት ራቁቷን እህቴ ደረት ላይ አሰሯት። እህቴ ግን መቀመጥ አቃታት። ሲስተሯ «እናቴ፣ እርስዎ ይያዙልን» አለቻቸው።

አኮ ቀሚሳቸውን ከላይ ፈቱ። የተጨማደደው ቆዳ ከተጨማደደው ቆዳ ጋር ተጣበቀ። ላብ፣ የኮመጠጠ ወተት፣ የልጅ ሽንት። እንዲያ ሆነው ቀንም ሌሊትም አልተነሱም። ብርድ ልብሱን ገልጬ ሳይ የልጅቷ አፍ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የአኮን ደረት ትፈልጋለች፣ ትጠባለች፣ ምንም በሌለበት!

ሲስተሯ ልትመዝናት መጥታ እጇን ዘረጋች። አኮ ልጅቷን ወደ ውስጥ ሸሸጓት።

«ቆይ» አሉ። «መጀመሪያ ትወፍር።»